አትጥረገው

ድሬዳዋ ግንቦት ላይ፣ ጥላ ራሱ ያልበዋል፣
ከዚራ ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ወሬውን ጥሎ ይተኛል፤
እኛ ግን ከለገሃር ጀርባ፣ ከሽመንድፈር አቴልዬ፣
በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከሮብሌ እጅ ተጥዬ፣
የእቶኑን በር እስብ ነበር፣ አረብ ብረት በአረብ ብረት፣
ከሐዲዱ ላይ ወዲያ ወዲህ፣ ያለ ዘይት ያለ ቅባት።
ዘይት ቢያጠጡት ይጤሳል፣ ግራሶ ቢቀቡት ይነዳል፤
ያ በር እንደ አገሩ ነው፤ በደረቁ ሄዶ በደረቁ ይመጣል።

ሮብሌ ማለት፣ ብሎኛል፣ ዝናብ ይዞ የመጣ ነው፤
እናቱ ሽንሌ ሜዳ ላይ ደመና አይታ የወለደችው።
እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ፊቱን ለእቶን የሰጠ፣
ቅንድቡ ሁለቴ ነድዶ ሁለቴ ያቆጠቆጠ።

አዲስ ሐዲድ ያስገባን ለት፣ በሩ እንደ አህያ አናፋ፤
ብረት ብረትን ነከሰና የነከሰውን ተፋ።
ግራጫ ዱቄት ወረደ፣ እንደ ወፍጮ ቤት ብናኝ፤
«አለቀ» አልኩ፣ «በዚህ ዓይነት ለመስቀልም አይደርስልኝ»።
እኔ ደግሞ ንጹሕ ልጅ ነኝ፣ የእናቴን ቤት የለመድኩ፤
በሩ በተሳበ ቁጥር ሐዲዱን በጨርቅ ጠረግኩ።
ጠረግኩ፣ አብለጨለጨ። ጮኸ። ደግሞ ጠረግኩ።
በሦስተኛው ቀን ሮብሌ
ጨርቄን ነጥቆ እሳት ውስጥ ወረወረው፦
«አትጥረገው! አንተ ልጅ፣ የራሱን ሥጋ ነው የምትነሣው፤
እዚያው ይቆይ፣ ይረገጥ፣ እሳቱ ራሱ ያብስለው፤
ቀዝቃዛ ብረት ሲፋተግ፣ ያጣውን አጣ፣ በቃ፤
የጋለው ግን ከዱቄቱ ልብስ ያወጣል። ጠብቃ!»
አማርኛው ሶማልኛ፣ ከመሐሉ ፈረንሳይኛ፤
ግማሹ ገባኝ። ጨርቅ የለኝም። ታዲያ ቁጭ አልኩኛ።

ግራጫው ቀላ፣ እንደ ደቻቱ አሸዋ፤ የቀላው ደግሞ ጠቆረ፤
በሩ ሲሄድ ተደቆሰ፣ ሲመለስ ተጋገረ፤
በሃያ ቀን ይሁን በወር፣ ቀኑን አልጻፍኩትም፣
አንድ ጧት ስስበው በሩ ምንም አላለም።
ጎንበስ አልኩ። ሐዲዱ ላይ ጥቁር ቆዳ ተነጥፏል፣
ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፤ ግን የእቶን በር ተሸክሟል።
ከቁስሉ የወደቀው ነው ቁስሉን የሸፈነው፤
ሮብሌ በአውራ ጣቱ ጥፍር መታ መታ አደረገው፤
«አየህ?» አለኝ። ያችው ናት። ጫቱን ሊገዛ ወጣ፤
ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፣ የአወዳይ መኪና መጣ።

ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ ይህን ልጨምር ሳልረሳ፤
ነዳጅ ጠፍቶ እሳት የበረደ ለት ቆዳው ተሰንጥቆ ተነሣ፤
በሩ እንደገና አናፋ፣ እንደገና ከመጀመሪያው፤
ብረት ልብሱን ስንት ጊዜ ነው ከሥጋው የሚሰፋው?

እቶኑ ከጠፋ ቆየ። በሩን በኪሎ ሊሸጡት፣
ባለፈው ሐሙስ ከነሐዲዱ ሚዛን ላይ አስቀመጡት፤
መዝገቡ ሦስት መቶ አርባ ይላል፣ ሚዛኑ አሥራ አንድ አጎደለ፤
«የት ገባ?» አለኝ ባለሚዛኑ ልጅ፤ የሰረቅነው አስመሰለ።
አሥራ አንድ ኪሎ የት ይገባል? ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አለ፤
በሮብሌ ሸሚዝ ነበረ፣ ሚስቱ ሐዋ ስታጥበው
ውሃው ቀይ ሆኖ ሲወርድ ጎረቤት ደም የመሰለው፤
በሳሉ ውስጥም ነበረ። ይህን ምን ብዬ ልንገረው።
«አልሰረቅንም» አልኩት ብቻ፣
ሐዲዱንም በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ፤
ጥቁሩ አለ። ልጁ ጨርቅ ይዞ ሲጠጋ አየሁና
«አትጥረገው» አልኩ።