ጨው የማን ነበረ?

ኢናሪ ሐይቅ ዳር፣ ከድንኳን ደጅ፣ ውርጭ አድሮበት፣
ሽንኩርቱ ድንጋይ ሆነ፤ ኦስሞ መጥረቢያ አነሣበት።
ድስት ሙሉ በረዶ ቱኦቪ ጥዳ ጥዳ፣
ጭልፋ ውሃ ወጣው፤ ወይ የብርድ ዕዳ!

የአጋዘኑን ሥጋ እንደ ጣውላ ስልግ፣
ቬይኮ ከጢሙ ላይ በረዶ ሲጠርግ፣
ቅቤው ተንጫጫና ውሾቹ ተነሡ፤
ሦስት ሰዓት ፈጀብን። «በሉ እንግዲህ ቅመሱ!»

ቀመስን።
ማንኪያው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣
«ጨው የማን ነበረ?» አንዱ ቀስ ብሎ አለ።
ቱኦቪ አየችኝ፤ እኔ ኦስሞን፤ እሱም ድስቱን አየ፤
ቬይኮ ወደ ጥዱ ዞሮ እዚያው ቆየ።

አልጫውን በላነው፣ እየተሳደብን፣
የድስቱንም ቂጥ በጣት እየጠረግን።

ዘንድሮ ተመለስን፤ ያው ጥድ፣ ያው ሐይቅ ዳር።
አራታችን አራት ጨው አወጣን፣ በክብር።
ክብሪቱስ
የማን ነበር?