ግማሽ ሙሌት

ሌስዋቭ ድንጋይ ሲያስሞላ እንቅልፍ አያውቅም ነበር፤
የባትሪ ድንጋይ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣
ለብስክሌቱ መብራት የሚያጎርሰው፣ ሌሊት ወደብ ለወደብ ሲዞር።
ከሸክላ ሰድር ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
ከመጋረጃው ርቆ፣ ከጋዜጣው ክምር፣
ቻርጀሩን ይሰካል፤ ወንበሩን ይስባል፤
ቀይዋ መብራት አረንጓዴ እስክትሆን ይጠብቃል።

«የሳንባ ምች የያዘኝ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላመሸህልኝ»
እለዋለሁ፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ እያመመኝ።
«አንቺማ ሲያተኩስሽ ታቃስቻለሽ» ይላል ዓይኑን ሳይነቅል፣
«ይሄ ግን ዝም ብሎ ይግላል፤ ዝም ብሎ ያብጣል፤
አንድ ጊዜ ነው የሚናገረው፤
የመጀመሪያ ቃሉም ኑዛዜውም እሱው ነው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ግዲኒያ መርከብ መሥሪያ፣
በያጆች ሲበይዱ ከኋላቸው ቆሞ፣
ባልዲና አሸዋ ይዞ ደመወዙን በላ።
ሥራው ምንም እንዳይሆን ማየት ነበር፤
ማታ ማታ ደብተሩ ላይ ያሰፍር ነበር፦
ማክሰኞ። ምንም።
ረቡዕ። ምንም።
ጡረታ ሲወጣ ደብተሩ አልወጣም።

ድንጋዮቹን በጥፍር ቀለሜ ቆጠራቸው፣ በቼሪ ቀዩ።
(ሳያስፈቅደኝ። ውድ ነበር።)
ሰባት፤ ሦስት ነጥብ ስድስት፤ ደህና።
አሥራ አንድ፤ ቆዳው ተልጧል፤ አይሞላ፤ ይወገድ።
«አራት ነጥብ ሁለት ቮልት፤ ከዚያ ወዲያ ጥጋብ ነው፤
ጥጋብ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው ያሳደረውን ቤት ነው።»

ከእኛ በላይ ኦልጊየርድ የሚባል ልጅ ይኖር ነበር።
ብርዱ በጸናበት የካቲት ስኩተሩን ወጥ ቤት ሰክቶ ተኛ፣
በተዋሰው ቻርጀር።
ጢሱ ከድምፁ ቀደመ።
ሌስዋቭ በነጠላ ጫማ ሮጦ ወጣ፤
ልጁን በአንገትጌው ጎትቶ፣ በሩን ዘግቶ መጣ።
እሳቱን ሊገጥም አልሞከረም፤
«ሰው ይውጣ እንጂ ዕቃ ሞቶ አያውቅም።»
ደረጃው ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣
«ቻርጀሩ እኮ ይገጥማል» አለ ልጁ።
ሌስዋቭ ሳል ይዞት ነበር፤ ቆይቶ መለሰ፦
«ብዙ የሚገጥም አለ፣ ልጄ፤ የማይስማማ።»
ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? የእሱ ቅጠል
አንድ ሰድር ነበር፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ያልተኛ ሰው።

በጥቅምት ሄደ። በልቡ።
ሆስፒታል ደረቱ ላይ ገመድ ሰክተውበት፣
ቁጥር ሲወጣ ሲወርድ ወንበር ስቤ አመሸሁበት፤
እሱ የለመደውን እኔ አልለመድኩ፣
ንጋት ላይ አንቀላፋሁበት።

እስከ ሚያዝያ መሳቢያውን አልነካሁም።
ስከፍተው፣ አሥራ ሰባት ድንጋይ በፕላስቲክ ሣጥን፣ ጎን ለጎን።
አንድ በአንድ ለካኋቸው። ሁሉም ግማሽ።
ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ስሜ አለ፣ ቦጉሚዋ፣ ከሥሩ በእርሳስ፦
ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ግማሽ ይበቃዋል፤
ሙሉውን ብትተዪው ያረጃል፣ ባዶውን ብትተዪው ይሞታል።
ከሁለት ነጥብ አምስት በታች የወረደውን በግድ አትቀስቅሺው።

አራት ቁጥር ምድር ቤት፣ ብስክሌቱ ላይ ተረስቶ ነበር።
አንድ ነጥብ አንድ።
መለኪያውን ደጋግሜ አስነካሁት፣ ሐሳቡን የሚለውጥ ይመስል።
ቻርጀሩ አፍ ድረስ ወሰድኩት። መለስኩት።
ጫፎቹን በፕላስተር አሸግኩና በትሮሊ ባስ፣
ሱቁ በር ላይ ካለው የአሮጌ ባትሪ ሣጥን እስክደርስ
ጓንቴ ውስጥ ጨብጬው ሄድኩ።
ድንጋይ። ያኔ ነው ስሙ የገባኝ።

ዛሬ ማታ ሰባት ቁጥር ሰድሩ ላይ ነው።
የባልቲክ ነፋስ መስኮቱን ይነቀንቃል፤
ሻዬ ቀዝቅዟል።
በእጄ ጀርባ ነካ አደርገዋለሁ፣ እንደ ልጅ ግንባር፤
ለብ ብሏል፤ ለብ ማለት ደግ ነው።
አረንጓዴ።
ነቀልኩት። እርሳሱን ቀረጽኩ።
እሑድ። ምንም።