አሥር በአሥር

ሰው ከባሕር በታች አርሶ በሚበላበት፣ በፍሪስላንድ ቆላ፣
ራይኑ ትሠራለች፣ በአንድ ብረት ቤት ውስጥ፣ ከግድቡ ኋላ።
ሥራዋ መሳል ነው፤ እርሳስ ግን አትይዝም፣
መስመሩን በቁጥር ታዛለች እንጂ በእጇ አትስልም።
«ቁመቱ የስፋቱ እጥፍ ይሁን» ብላ ስትጽፍ፣
ስፋቱ ሲነካ ቁመቱ ይነሣል፣ እንደ ልጅ ከእቅፍ።

ያን ሳምንት የመጣው ትእዛዝ አጭር ነበር፦
ለመርከብ መግቢያው በር የውኃ መለኪያ፣
አራት ሜትር ቁመት፣
በየአሥር ሴንቲሜትሩ አንድ ጭረት፣
በጭረቱ አጠገብ አንድ ሰሌዳ፣ ቁጥሩ ሁለት ሚሊሜትር ተቦርቡሮ፣
ከታች ከአሥር ተነሥቶ አራት መቶ ላይ የሚያቆም ቆጥሮ።

አንዱን ጭረት ሳለች፤ ከጎኑ አሥር ብላ ጻፈች።
«ወደ ላይ ድገመው፣ አርባ ጊዜ» አለች፤
እርጎ ልትቀዳ ዞር ብላ ተመለሰች።
አርባ ጭረት ቆሟል፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳይዛነፍ።
አርባውም አጠገብ፦
አሥር። አሥር። አሥር።

ኮምፒውተሩ አላጠፋም፤ ያዘዘችውን ነው የፈጸመ፣
ድገም አለችው፣ ደገመ፤
ቤት መምታት እንዳቃተው ባለቅኔ
ስንኙን ሁሉ በአንድ ቃል እንደሚዘጋ፣ እንደ እኔ።
«አሥር» ያልኩት ለጆሮዬ «እስር» ይሆንብኛል፤
ቁጥሩም ቋጠሮ ነው፣ ልጅ ሁሉ በወላጁ ታስሯል።
ውኃው ቢጎድል አሥር፣ ውኃው ቢሞላ አሥር፣
ላም ብትዋኝ አሥር፣ ጣራ ቢሰጥም አሥር፤
የሚያጽናና መለኪያ ነው፣ እውነት ለመናገር።

ከደጅ የሚስቅ ድምፅ መጣ። ቮፕከ ነው፣ የበሩ ጠባቂ፣
ሠላሳ ዓመት ውኃ ያነበበ፣ በቦቲው ጭቃ ወለል አስጨናቂ።
«ይቺን ለኔ ባደረግሻት! አለቃዬ ሲደውል ሌሊት፣
‹ስንት ደረሰ?› ሲለኝ ‹አሥር› ብዬ ልተኛበት።»

ቃሉን ሰረዘችው። በቃሉ ቦታ ስሌት አስቀመጠች፦
ተራው ሲባዛ በአሥር።
የታችኛው ጭረት ዜሮ አለ።
ማሽኑ ከዜሮ ነው የሚቆጥር፤
ለእሱ በኩር ማለት ገና ያልተወለደ ነው።
«አንድ ደምርበት።» ደመረ።
አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ... እንደ መሰላል ወጣ፤
እስከ ዘጠና ሰላም ነው፤ መቶ ላይ ሌላ ጣጣ፤
ሦስተኛው አኃዝ ተገፍቶ ከጠርዙ ተንጠለጠለ፣
ግማሹ ዜሮ አየር ላይ፣ ጨረቃ መሰለ።
ከግራ ጥጉ ፈታችና በመኻል ወገቡ አሰረችው፤
እንግዲህ ቢሰፋም ቢጠብም ሚዛን አይስተው።

ቮፕከ ጠጋ አለ፣ መነጽሩን በሹራቡ ጠርጎ፦
«ሰባቷን ተያት። ጉም ሲወርድ፣ ዝናብ ከጎን ሲመታ፣
ከድልድዩ ላይ ሆኜ፣ በባትሪ፣ በማታ፣
ሰባና አሥር አይለዩም።
አንድ ጊዜ፣ ሰባውን አሥር ብዬ፣ በር ከፍቻለሁ።»
ሌላ አልጨመረም።

አልጠየቀችውም። ወደ ወላጁ ፊደል ተመለሰች፣
ሰባትን ወገቡ ላይ አጭር ሰረዝ አስታጠቀች።
አንዴ ብቻ።
ሰባው ታጠቀ፣ መቶ ሰባው፣ ሁለት መቶ ሰባው፣
እስከ ሦስት መቶ ሰባው፤
ሌሎቹ ዞር ብለውም አላዩ።

በሚያዝያ ተተከለ። ውኃው ከታች ጀምሮ ያነበዋል፣
ያነበበውን እየሸፈነ፤
ሲሄድ መልሶ ይገልጠዋል፣ አረንጓዴ ለምዶ እየለጠፈ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ተለማማጁ ጌርበን፣ ቸኩሎ፣
የመጀመሪያውን ሥዕል ለመቁረጫው ልኮት ኖሯል፤
አሥራ ሁለት ሰሌዳ ካለቀ በኋላ ነው የተያዘው፣
አሥራ ሁለቱም አሥር።
ቮፕከ በብስክሌቱ ቅርጫት ጭኖ ወሰዳቸው።
አሁን በጓሮው አሥራ ሁለት የዶሮ በር አለ፣
በየበሩ ላይ አሥር ቁጥር።
ሲመሽ ዶሮዎቹ ይመጣሉ፣ ቀና ብላ የምታነብ የለችም፤
እያንዳንዷ ቤቷን ታውቃለች።