ከማን ቀዳሽው?

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት፣
ከደረጃው ሥር ነው የምትኩ ቤት፤
ቤት ካሉት፦ አንድ ወንበር፣ አንድ አምፖል፣ አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት፣
ጣውላ ላይ ከብሎን ጋር የተዘረገፈ የስልክ አንጀት።

የስልኬ ፊት ተሰነጣጥቆ ተራ እጠብቃለሁ፤
ከኋላዬ ጀሪካን ሲንኳኳ እሰማለሁ።
ዛሬ ሐሙስ ነው፤ የሰፈራችን የውሃ ተራ፤
ከመጣ መጣ፤ ካልመጣም እንኖራለን፣ ከባዶ ጀሪካን ጋራ።

አንድ ጎረምሳ ስልክ አኖረ፣ ጀርባው የሚያበራ፤
«ኦርጅናል ነው?» አለ ምትኩ፣ ዓይኑን ሳያነሣ ከሥራ።
«ነው እንጂ! መርካቶ ነው የገዛሁት፣ በካርቶን፣ ከዋስትና ጋር።»
ምትኩ ጠርዙን በጥፍሩ ነካ፤ ስልኩ ተከፈተ እንደ በር።
በውጭ ሦስት ካሜራ፤ በውስጥ ሽቦ ያለው አንዱ ነው፤
ሁለቱ ዓይኖች የተሠሩት ለማየት አይደለም፤ ለመታየት ነው።
ጎረምሳው ጆሮው ቀላ፤ ስልኩን መልሶ ጨበጠው፣
እንደ ታመመ ጫጩት፤ «ይደውላል አይደል?» አለው።

«ሌብነት ነው!» አለ ቶሎሳ፤ ከስልክ መገጣጠሚያ የተባረረ፣
ሦስት ዓመት አንድ ዓይነት ብሎን ሲያጠብቅ አውራ ጣቱ የደደረ።
«ሰው ዓመት ሙሉ ያልተኛበትን ቅርጽ፣ በሳምንት ይገለብጡታል፤
ለምን እንደዚያ እንደሆነ አያውቁም፤ ብቻ እንደዚያ ያደርጉታል።»

«ክብ ጥግ የማን ነው?» አለ ምትኩ፤ «ሄደህ ዶሮዋን ጠይቃት፤
መጀመሪያ ዕንቁላሉን የጣለችው እሷ ናት።
ልጅ ሲወለድ ‹ቁርጥ አባቱን!› ብለን እንስማለን፤
ስልክ አባቱን ሲመስል ግን ፍርድ ቤት እንቆማለን።»

ወይዘሮ አስካለ ከሰልፉ፦ «ቅጂም ይሁን እናቱ፣ ባትሪው ሦስት ቀን ይቆይልኝ፤
መብራት ሲጠፋ ዘሩን ጠይቄው አላውቅም፤ ብቻ ያብራልኝ።»

«እኔስ?» አለ ምትኩ፤ «ከእኔ በፊት የሞተ ወንድም ነበረኝ፤
ስሜን በእሱ ምትክ ሰጥታ፣ በእሱ ጨርቅ እናቴ ያቀፈችኝ።
ኦርጅናሉ እሱ ነበር። እኔ ይኸው ስልክ እጠግናለሁ፤
ቅጂ ነው ብሎ የመለሰኝ የለም፤ ያለ ዋስትና እሠራለሁ።»

ሁላችንም ዝም አልን።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ፣ ከፊት ለፊት ብሎክ፣
አዲስ ሱቅ ተከፈተ፣ እሱም ለስልክ።
ሰሌዳው ቢጫ፤ ጫፉ ላይ ስልክ የተሸከመች ቀይ ጉንዳን፣
ምትኩ ራሱ አስቦ፣ ምትኩ በእጁ የሣላትን፣
ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ በጥፍር ቀለም የጨረሳትን።
ግራ እግሯ እንኳ አጥሮ ነበር፣ ቀለሙ አልቆበት፤
ያንንም አሳጥረዋል። ስሕተቱንም ቀድተውበት።

ምትኩ ተነሣ። ብሎን ከጭኑ ረገፈ።
«ጉንዳኔን!» ብሎ ጮኸ፤ ምራቁን ዋጠ፤ ከበሩ አለፈ።
ቶሎሳ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር።
«ጉንዳንስ የማን ናት?» አለው፤ «ሄደህ ጠይቃት ከመሬት ሥር።»

ያኔ ቧንቧው አጉረመረመ፣ አየር ተፋ፣ ሳለ፤
«መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ከፎቅ ፎቅ ዘለለ።
ባለ አዲሱ ሱቅ፣ ሌንሳ፣ ከሰልፉ ፊት ነበረች፣
ጀሪካኗ ሞልቶ ክዳኑን እየጠመዘዘች።
«ከማን ቀዳሽው?» አላት፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።
«ከቧንቧው ነዋ!» አለችው፤ «ቶሎ ቅዳ፤ ይቋረጣል።»

ባዶ ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር አስገባ።
ውሃው ሞቅ ያለ፣ ዝገት ዝገት የሚል ነበር።

ማታ ስልኬን ሰጠኝ፤ አዲስ መስታወት፣ ጠረኑ ሙጫ ሙጫ።
«ኦርጅናል ነው?» ልለው ነበር፤ አየኝ፤ ተውኩት።
ከፈልኩ፤ ብሎኬን ፍለጋ ወጣሁ፤
ሁሉም ብሎክ አንድ ፕላን ነው፤ ስንት ጊዜ የሰው በር አንኳኳሁ!

ዓርብ ጠዋት ወደ ታክሲ ስሮጥ የምትኩን ጉንዳን አየኋት፤
በአንድ ሌሊት ግራ እግሯን አስረዝሞ፣ ከቀኙ አስተካክሏት።
ማዶ ያለችው ግን
እስካሁን ታነክሳለች።