ጥቁር የለበሰችው

አቶቴ መንገድ ዳር፣ በቬሎ ኪራይ ቤት፣
ስድስት ሆነን ታጎርን፣ ከአንድ ቴሌቪዥን ፊት።
ንጉሥ ልጁን ዳረ፣ ባሕር ማዶ አገር፤
ስሙን እንኳ ወይንሸት፣ መጥራት ያቅታት ነበር።
ስፒል በከንፈሬ፣ ሜትር ባንገቴ ላይ፣
እኔም ሥራ ፈታሁ፣ የጠርዟን ስፌት ላይ።

መጣች።
ከሠረገላው ላይ እግሯን ስታሳርፍ
አብሯት ነጭ ወረደ፣ ማለቂያ አልባ ዘርፍ።
እጅጌው እስከ አንጓ፣ ደረቱ ድፍን ነው፤
ከማጅራት እስከ ወገብ ቁልፉን ስቆጥረው
ሃያ ስምንት ላይ ስደርስ ካሜራው ዞረብኝ፤
ምን በደልኩት ሰውዬውን፣ ፈረስ አሳየኝ?

ሚዜዎቹ ደግሞ!
ስምንት ናቸው፤ ቀለሙን በምን ልንገራችሁ፣
ከይርጋዓለም የመጣ አቮካዶ አላችሁ?
ለሁለት ክፈሉት። ከቆዳው ሥር ያለው፣
ያ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጫማቸውን ነካው፤
ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳ፣ እየገረጣ፣
ትከሻቸው ላይ ሲደርስ ቅቤ ሆኖ መጣ።
እኛ ሚዜ ስናለብስ አንድ ጣቃ ሳቲን፣
ለቀጭኗም ያው ነው፣ ለወፍራሟም ያው ልክ፤
ትንፋሽ ያጠራትን «ለፎቶ ነው፣ ቻይው» እንላታለን።
እነዚያ ግን እያንዳንዳቸው
ገላቸው ተጠይቆ ነው የተቆረጠላቸው።

«ስንት ያወጣል?» አለች ካርድ ሻጯ አስካለ።
«አንዴ ለብሳ ልትሰቅለው!» ወይንሸት ነች ይህን ያለች።
ዞሬ ግድግዳዬን አየሁ፤ ሰባት ቁጥር፣ የተሰቀለው፣
አርባ አንድ ሙሽራ ነው በውስጡ ያለፈው።
አንዷን ለማስገባት ጎኑን ፈትቻለሁ፣
ለምትከተላት መልሼ ሰፍቻለሁ።
የአሞራ ገደል ጭቃ ስንቴ ነከሰው!
እነሱ ፎቶ ሲነሱ፣ አባ ኮዳው ቆሞ፣
ሱፍ እንደለበሰ ሽማግሌ አቀርቅሮ፣
የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ፣
ጠርዙ ውኃ ሲጠጣ ማንም አላየውም።
እኔ ነኝ ሰኞ ጠዋት በሎሚ የማሸው፣
እንባም ሆነ ወጥ፣ ከየትም ይምጣ፣ የማለቀው።

ደረጃው ላይ ሲደርሱ፣ ነፋስ ነው መሰለኝ፣
ዘርፉ ተጠቀለለ፤ እኔን ነው ያመመኝ።
ከየት እንደሆን እንጃ፣ ጥቁር የለበሰች
አንዲት አጭር ሴትዮ ሮጣ ተንበረከከች፤
በሁለት ጣት ብቻ፣ እንዲህ፣ ስባ፣ ለቃ፣
ከመስኮቱ ወጣች፣ ጎንበስ እንዳለች፣ ተጠንቅቃ።
ኮሌታዋ ላይ ግን፣ አየሁ፣ እምላለሁ፣
ሦስት ስፒል ሰክታለች፣
ልክ እንደኔ፣ በግራ።

ተናጋሪው ሰውዬ ያልጠራው የለም፤
የመስፍኑን አጎት፣ የአበባውን ዘር፣
የግራውን ፈረስ ስምና ዕድሜ ሳይቀር።
እሷን አላነሳም።
ተመልሳ ትመጣለች ብዬ ዓይኔን ሳልነቅል ስጠብቅ

መብራት ሄደ።

«ውይ! ቃል ኪዳኑ ሳይደርስ!» ሴቶቹ ጮኹ፣
አንድ በአንድ እያጉረመረሙ ወጡ።
የልዑሉ ቃል ኪዳን ምን ሊያደርግልኝ?
ይጋባሉ፤ ለዚያማ ነው የለበሱት።
ያቺ ሴትዮ ግን ምሳ በልታ ይሆን?
ጉልበቷን ያማት ይሆን፣ ያ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ?

ሲመሽ ሎሚታ መጣች፣ በባጃጅ፣ እናቷን አስከትላ።
ነገ ነው ሠርጓ። ስልኳን አውጥታ
«እንደዚህች አድርጊልኝ» አለችኝ፤ ልዕልቷ።
«እሺ» አልኳት። ምን እላለሁ?
ሰባት ቁጥርን አወረድኩ። አርባ ሁለት።
እናትየው በስልክ መብራት አበራችልኝ፣
ሎሚታ በርጩማው ላይ ወጣች፣ እኔ እግሯ ሥር ወረድኩ።
«ቀና በይ፤ ወደኔ አትይ። እኔን ማየት ሸማሽን ያጣምመዋል።»
ሳቀች፤ ጠርዙ አብሯት ሳቀ፤ ሦስት ጣት አሳጠርኩት።

ነገ ሐይቅ ዳር ዘርፍሽ ቢጠቀለል አትደንግጪ፤
ከካሜራው በስተግራ ነኝ።

ወይንሸት፣ መብራት ሲመጣ
ያቺን ጥቁር ቀሚሴን ተኩሺልኝ።