የሸራው ላብ

ብስክሌቴ ሠላሳ ኪሎ ናት፣ ባትሪዋ ሳይነሳ፤
ደረጃው ጠማማ፣ ትከሻዬም ሳሳ።
ምድር ቤት ነው ቤቴ፣ በሩም የአንድ ሰው በር፤
ስለዚህ ውጭ ናት፣ ከቆሻሻው ገንዳ ጎን፣ ከግድግዳው ዳር።

በስቲቭስተን ኅዳር ዝናብ አይዘንብም፤
ተከራይቶ ይገባል፣ እስከ ሚያዝያ አይወጣም።
ከፍሬዘር ወንዝ አፍ ጭጋጉ ተነስቶ
ኮርቻዋ ላይ ያድራል፣ ጨው ጨው ሸትቶ።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ዋጋ አትጠይቁኝ፤ የስንት ሌሊት ፈረቃ፣
የስንት አዛውንት ጀርባ፣ የስንት አንሶላ ጥቅልል፣
ስንት “ነይ”፣ ስንት “ቆይ”፣ ስንት “በቃ”።

እና ሸራ ገዛሁ፣ ሰማያዊ፣ ወፍራም፤
“ጠብታ አያስገባም” ያለኝ ሻጭ አልዋሸም፣ እውነቱን ነው፣ አልዋሸም።
ከመሪዋ እስከ ጎማ፣ ከጎማ እስከ መሬት
ጠቀለልኳት፣ አሰርኳት፣ በገመድ፣ በላስቲክ፣ በቋጠሮ ብዛት፤
አየር እንኳ እንዳይገባ ጫፉን በጡብ ጫንኩት።
እናት ነኝ አልኩኝ፤ ልጄን አለበስኩት።

ባትሪዋን ግን ነቅዬ፣ ከካፖርቴ ሥር ደብቄ፣
እንደ ትኩስ ዳቦ በደረቴ አቅፌ ወረድኩ ተጠንቅቄ፤
ከማሞቂያው አርቄ፣ ከመደርደሪያው ሥር
ግማሹን ጠግቦ ተኛ፣ ግማሹን በጾም ሊያድር።

ሦስት ሳምንት በአውቶቡስ፤ “እሷ ትረፍ” እያልኩ፤
ዶፉን በመስታወት እያየሁ፣ በሸራዬ ኮርቼ፣ በዝናቡ ሳቅኩ።

ጎረቤቴ ሺዙኤ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ፣
የሳልሞን ጀልባ ነበራቸው፣ ለባሏ፣ ለእሷ፣ ለአባቷ፤
አንድ ቅዳሜ ቆማ፣ በምርኩዟ ጫፍ ሸራውን ገለጠች፤
ዐይኗን ሳይሆን አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች።
“ታፍናለች” አለች።
ሌላ አልጨመረች።

ገለጥኩት። ከሸራው ሆድ ላብ ይንጠባጠባል፤
ሰማይ ያልሰጣትን ውሃ ሸራው ራሱ ወልዷል።
ሰንሰለቷ ብርቱካን፣ ልክ እንደ ወደቀ ሚስማር፤
ብሎኖቿ አንብተዋል፤ በመሪዋ እጀታ ነጭ ሻጋታ፣ እንደ ስኳር።
ከላይ ለሚመጣው ውሃ ዘበኛ አቆምኩበት፤
ከታች የሚነሳውን፣ የሣሩን፣ የሲሚንቶውን ትንፋሽ፣
ከእሷ ጋር ዘጋሁበት።

“ባሌም በመጀመሪያው ክረምት ጀልባዋን እንዲህ ቀበረ፤
በጸደይ ስንከፍት ጣውላው እንጉዳይ አብቅሎ ነበረ።
ጣሪያ ስጪያት፣ ግድግዳ አትስጪያት። ነፋስ ከሥር ይለፍ።
የረጠበ ይደርቃል፤ የታፈነ ነው የሚበሰብስ” አለችና
ምርኩዟን ተደገፈች፣ ከሳሏ ለማረፍ።

ያን ቀን ሸራውን ቆረጥኩ፤ በሁለት ረዥም እንጨት
ከአጥሩ ወደ ግድግዳው በሰያፍ ዘረጋሁት፤
ከጎማዋ ሥር የጣውላ ርብራብ አነጠፍኩ፤
ሰንሰለቱን ጠርጌ ዘይት ጠብ ጠብ፣ የተረፈውን መልሼ ወለወልኩ።
ባትሪው በሚሰካባቸው ጥርሶች ላይ ቅባት በጣቴ፤
የማሳያዋን መስታወት በሻወር ቆብ ሸፈንኩ፣ ከሥራ ቤት የመጣ፤
ሰረቅኩ አልልም፣ አንድ ናት፤ ይቅር በለኝ አባቴ።

ማታ የምድር ቤቴን መስኮት ቀና ብዬ አየሁት፤
ብርድ ፈርቼ ከመስከረም ጀምሮ የዘጋሁት።
ያልበዋል።
በጣት ስፋት ከፈትኩት።

ሰኞ ወጣን አብረን። ዝናቡ እንደ ልማዱ።
ፍሬኗ ትንሽ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ በመንገዱ።
እሷ ከአጥንቷ ደረቅ፣ እኔ እስከ ካልሲዬ ርጥብ፤
በሺዙኤ መስኮት ሥር ስናልፍ ደወሏን መታሁ አንዴ፤
መጋረጃው ተነቃነቀ።
ነፋስ ነው? እሷ ነች እንዴ?