አንዲት ነጭ መስመር

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከፎቁ ምድር ቤት፣
የጦሳ ጉም ወርዶ በር በሚገፋበት፣
ሦስት ሜትር ማሽን ታቅፌ አድራለሁ፤
ነገ በሦስት ሰዓት ባነር አስረክባለሁ።

ቲቸር ወለላ ናት፣ ጡረታ ልትወጣ፤
ተማሪ አዋጥቶ፣ ሳንቲሙ ሲመጣ
በፌስታል ነው። ጦይባ ሁለት ጊዜ ቆጥራው
አምስት ብር ጎደለ። ይሁን፣ ማን ሊያወራው!
ፎቶው የስልክ ነው፤ አንዱ ልጅ በስርቆት
ከሰሌዳው ዞራ ስትስቅ ያነሳት።

የመጀመሪያው ወጣ። አረንጓዴ ሰው፣
ከግንባር እስከ አገጭ መስመር የጨረሰው።
ማጀንታው የለም፤ ቢጫውና ሲያኑ
ብቻቸውን ቀርተው ፊቷ ላይ ባከኑ።
የኖዝል ፍተሻ አወጣሁ በወረቀት፤
ማበጠሪያ መሳይ፣ ጥርሱ የረገፈበት።

ጋሽ እንድሪስ ሥራ ሲያስለምደኝ ያኔ፣
እንዲህ ይል ነበረ፣ ቆሞ ከጎኔ፦
«መድኃኒት ሳታዝ በሽታውን ለየው፤
መስመር ከመስመሩ ርቀቱን እየው።
በየምልልሱ እኩል ከመጣብህ፣
ጭንቅላቱ ነው፤ እጠበው፣ ይረጋል ልብህ።
አንድ ስፍራ ብቻ ካፈጠጠህ ግና፣
ማሽኑን አትማው፣ ሌላ ነገር አለና።»

ሦስት ቀን መብራት ጠፍቶ፣ ብርድም ነበረ፤
ቀለሙ አፍንጫው ላይ ደርቆ ተጋገረ።
ሶልቬንት በመርፌ ጠብ፣ ጠብ፣ አደረግሁለት፣
እንደ ጉንፋናም ልጅ አፍንጫ ጠረግሁለት።
ጦይባ «ይሙቀው» ብላ ከሰል አያይዛ
ስትመጣ ጮህኩባት፦ «ሶልቬንት ነው!» ፈዛ
በር ላይ ቆመች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቅሁ፤
ከሰሉን ከነምድጃው ወደ ጉሙ አራቅሁ።

ዳምፐሩ ውስጥ አየር፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣
ማጀንታውን ሁሉ አግታ «አታልፍም» ስትል
አገኘኋት። ሳብኩት። ቀዩ እየተንፏቀቀ
መጣ፤ የወለላ ጉንጭ ደም ይዞ ደመቀ።

ከሌሊቱ ስምንት። ማበጠሪያው ሞላ፣
ጥርስ አልጎደለውም። አተምኩ ሌላ።
ፊቷ ሰው ሆነ።
ግን፣
አንዲት ነጭ መስመር፣
ሰያፍ፣
ከግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ስር።

አጠብኩ ደግሜ። አጠብኩ ሦስተኛ።
ንቅንቅ አላለችም፣ እዚያው እንደተኛ።
ኢንኮደሩን ጠረግሁ፣ ቁመቱን አወረድኩ፣
ለአንዲት ክር መስመር ስንት ሸራ ቀደድኩ!

ደግሞ እኮ እሷ ናት መስመር ያስተማረችኝ፤
ሁለተኛ ክፍል፣ ማስመሪያ አሲዛ፦ «ኑርልኝ፣
ፊደልም ቤት አለው፣ ከመስመር አይወጣ፤
ውጭ ያደረ ፊደል ይበሰብሳል ዝናብ ሲመጣ።»
ዛሬ እኔው መስመር ከፊቷ ላጠፋ
ግማሽ ሊትር ቀለም በሌሊት ተደፋ።

ጦይባ ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶውን አጎላች፣
አጎላች፣ አጎላች፣
ከዚያ ዝም አለች።
«ና እስቲ፣ ይህን እየው፤
የማሽን አይደለም።
ጠመኔ እኮ ነው።»

ጠመኔ። ሳታውቀው ጉንጯን አክካ ኖሮ
የጣቷ ምልክት ቀርቷል ተሰምሮ።
ስልኩ ያየውን ነው ለማሽኑ የሰጠው፤
ማሽኑም ታዘዘ። ያማሁት እኔ ነው።

«ላጥፋው?» አለች ጦይባ፣ «በአንድ ጠቅታ ይሄዳል።»
«ተይው» አልኩ። ይህን ስል ደክሞኝም ይሆናል።

ጠዋት፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተወጥሮ፣
ጉሙ ገለጥ ሲል ቀዩ ቀድሞ ነጥሮ፣
ልጆች አጨበጨቡ። እሷ ቀና አለች፣
ሦስት ሜትር ፊቷን ዝም ብላ አየች፣
ከዚያ ቀስ አድርጋ
የነጠላዋን ጫፍ አነሳች፣
የግራ ጉንጯን
ጠረገች።